ያላበላሸሁት ፕሮጀክተር

በእኔ ላይ የተፈጸመው በደል ይህ ነው። ያልነካሁትን ዕቃ አበላሽተሻል ተባልኩ። ቃሌን ሳልጠየቅ ወረቀት ተጻፈብኝ። አልፈርምም ስል ደግሞ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ ከደጋም ከቆላም በመጡ እንግዶች ፊት «ይቺ ናት ያበላሸችው» ተባለ። ለያይቼ የጻፍኩት አንባቢ «አንድ ጊዜ ተወቅሳ ነበር» ብሎ እንዳያቃልለው ነው። አንድ በደል አልነበረም፤ ሦስት ነበር።

የበደለኝን ሰው አቶ ፍሥሐ እለዋለሁ። የአባቱን ስምና የመሥሪያ ቤቱን ስም ትቼዋለሁ። ልጆቹ አላጠፉም፤ መሥሪያ ቤቱም ከዚያ በኋላ በደሌን ክሶኛል።

ያኔ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ። ባሌ ሸማኔ ነበር። ከገረሴ ወርደን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቤት በተከራየን በሦስተኛው ዓመት ሞተብኝ። በሕይወት ሳለ እሱ ሲሸምን ድሩን የማዘጋጅለት፣ የተበጠሰውን የምቀጥልለት እኔ ነበርኩ። እሱ ከሄደ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ አንድ የሥልጠና ማእከል ውስጥ በጽዳት ተቀጠርኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ቀስ እያልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው። ሰው ሲያይ ጸሎት የማደርስ ይመስለዋል።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። በከተማችን ኮምፒዩተር ያላቸው ቢሮዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የኛ ማእከል አንድ ነበረው፤ እሱም ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይውላል። እኔ የማውቀው ጨርቁን ነበር፤ በየአርብ የማጥበው እኔ ነኛ።

አንድ ሐሙስ ቀን ከአዲስ አበባ መኪና መጣ። በትልቅ ካርቶን የተጠቀለለ ፕሮጀክተርና ዳዊት የሚባል ወጣት ባለሙያ ይዞ ነበር የመጣው። ዳዊት ከኮሌጅ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ልጅ ነው። በማግስቱ፣ አርብ፣ ትልቅ ሥልጠና አለ። የላንቴና የምዕራብ ዓባያ ሙዝ አምራቾች ይመጣሉ። ከገረሴም ሽማግሌዎች ተጠርተዋል፤ የደጋው አፈር ሲሸረሸር ጎርፉ የሚወርደው በቆላው ሙዝ ላይ ስለሆነ ሁለቱ ወገኖች አብረው እንዲማሩ ታስቦ ነው። ላንቴ ላይ የተቀረጸ ፊልም አለ። ገበሬዎቹ ራሳቸውን ግድግዳ ላይ ሊያዩ ነው። ከተማው ሁሉ ወሬው ይኸው ሆኖ ነበር የሰነበተው።

አዳራሹ መጨለም አለበት ሲባል ከቤቴ ሦስት ቡልኮ አምጥቼ መስኮቶቹ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ባሌ የሸመናቸው ወፋፍራም ቡልኮዎች ናቸው፤ የአርባ ምንጭ ፀሐይም አትበሳቸውም።

ዳዊት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዕቃውን ደረደረ። ፕሮጀክተሩ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የቪዲዮ ዴኩ፣ አምፕሊፋየሩ፤ መሬት ላይ ደግሞ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች። ከዚያ ገመዱን ከካርቶን ሲያወጣው አያልቅም።

«ይሄ ሁሉ አንጀት የማን ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «እትዬ አማረች፣ ይሄ ቢጫው የቪዲዮውን ሥዕል ወደ ፕሮጀክተሩ ይወስዳል። ቀይና ነጩ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ ይወስዳሉ። ይሄ ወፍራሙ ደግሞ የኮምፒዩተሩን ሥዕል ያመጣል።»

«ቢቀላቀልባቸውስ?»

«ከተቀላቀለማ አንዱም አይናገርም!»

እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ነበር። ባልዲዬን ጠረጴዛው ሥር አድርጌዋለሁ። «እትዬ፣ ባልዲውን ከዚህ ያንሱልኝ» አለኝ። «እሺ» አልኩና መጀመሪያ ጥጉን ልጨርስ ብዬ ቆየሁ። ሳነሳው ትንሽ ፈሰሰ፤ መዳፍ የምታህል ውሃ ወለሉ ላይ ቀረች። ይህን አልደብቅም። የእኔ ጥፋት ይህች ናት፤ መዳፍ የምታህል።

በመሀል መብራት ጠፋ። ቡልኮዎቹ መስኮቱን ስለሸፈኑት አዳራሹ ጉድጓድ ሆነ። አቶ ፍሥሐ ከውጭ «ምን ሆናችሁ? እንግዶቹ ነገ ጠዋት ይደርሳሉ! ዛሬ ተሞክሮ ማለቅ አለበት!» እያለ ይጮኻል። አቶ ፍሥሐ የማእከሉ አስተዳዳሪ ነው። ፕሮጀክተሩን ፈርሞ የተረከበው እሱ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ላብ በላብ ነበር። ዳዊት በዚያ ጨለማ እጁን ከፕሮጀክተሩ ጀርባ ሰዶ ወፍራሙን ገመድ በዳሰሳ ይሰካል። አልገባ ሲለው በመዳፉ ሲገፋው በቡልኮው ጠርዝ በምትገባው ጭላንጭል አየሁት። አየሁ እንጂ ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

መብራቱ መጣ። ፕሮጀክተሩ አጉረመረመ፤ ግድግዳው ላይ ብርሃን ፈሰሰ። የአካባቢያችን ካርታ ነው። ግን ነጭ መሆን የነበረበት ወረቀት በሙሉ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ሁለቱ ሐይቆቻችን፣ ዓባያና ጫሞ፣ እንደ ከሰል ጠቁረዋል።

አቶ ፍሥሐ ገባ። ግድግዳውን አየ። ዳዊትን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ወለሉ ወርዶ ያቺን ውሃ አገኛት።

«ማነው ውሃ ያመጣው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ወለሉን ስወለውል...»

«ውሃ ረጭተሽበት ነው! አጥፋው! ዳዊት፣ ንቀለው፣ ይፈነዳል!»

ዳዊት «አቶ ፍሥሐ፣ እስቲ በቪዲዮው እንሞክር፣ ምናልባት...» ሲል አላስጨረሰውም። መሰኪያውን ራሱ ነቀለ። አዳራሹን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቁልፉ ሁልጊዜ የሚውለው እኔ ዘንድ ነበር።

አርብ ጠዋት ስገባ ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ፤ አጠገቡ የጣት ቀለም ተዘጋጅቷል።

«እዚህ ጋ አድርጊ» አለኝ አውራ ጣቱን እያሳየኝ።

«ምን ይላል?»

«ያው የትናንቱን ነው። ለሥርዓት ያህል ነው።»

ወረቀቱን አነሳሁ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ማንበብ ጀመርኩ። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ ያሳላል፣ እስክርቢቶ ያሽከረክራል። እኔ አልቸኮልኩም። «የጽዳት ሠራተኛዋ በግዴለሽነት ውሃ በማፍሰሷ መሣሪያው ከጥቅም ውጪ በመሆኑ» ይላል። ከሥሩ «ጥፋቴን አምናለሁ» የሚል አለ። ከዚያም ሥር ከሥራ ስለመሰናበቴ ውሳኔ እስኪሰጥ ታግጄ እንድቆይ ይላል።

ወረቀቱን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ውሃ አፍስሻለሁ። መሣሪያ አላበላሸሁም። እዚህ ላይ ሁለቱን አንድ አድርገውታል።»

«አማረች፣ አታክርሪው። ትንሽ ታግደሽ ትመለሻለሽ።»

«ይህን ፈርሜ ከተመለስኩ የምመለሰው ሌላ ሰው ሆኜ ነው። አልፈርምም።»

«እንግዲያው ዕቃሽን ሰብስቢና ሂጂ!»

ተነስቼ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ግን አልሄድኩም። ቡልኮዎቼ መስኮቱ ላይ ናቸው፤ እነሱን ሳልይዝ የት እሄዳለሁ? እውነቱን ለመናገር ቡልኮው ሰበብ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። ያን ግቢ ለቅቄ ብወጣ ከበሩ ውጪ የሚጠብቀኝ ያ ወረቀት ብቻ ነበር። ሁለቱ ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ሥራ ነው። ከዚያም በላይ ሲቀላ ትንሽ ሰፈር ናት፤ የመንግሥት ዕቃ አበላሽታ ተባረረች የተባለች ሴት ሌላ ሥራ አታገኝም።

አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆምኩ። የላንቴ ገበሬዎች በግራ፣ የደጋ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በቀኝ ተቀምጠዋል። ሁሉም ዓይን ባዶው ግድግዳ ላይ ነው። ከፊት የተቀመጠችው ዘነበች የምትባል የላንቴ ሙዝ አምራች ናት፤ ፊልሙ ላይ ስላለች አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች።

«የታለ ሲኒማው?» አለች ጮክ ብላ። «ጎረቤቶቼን ሁሉ መልኬን ላሳያችሁ ብዬ ነው ያመጣኋቸው!»

ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ፍሥሐ ማይኩን አነሳ። ስፒከሩ ጮኸና ጸጥ አለ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬ ፊልም ማየት አይቻልም። የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ አማረች በግዴለሽነቷ ውሃ አፍስሳ ፕሮጀክተሩን አበላሽታብናለች። ያቻት፣ በሩ ጋ የቆመችው።»

ያ ሁሉ ራስ ዞረ። በሕይወቴ ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለቱም ስፒከሮች ናቸው የተናገሩት፤ በግራም በቀኝም።

 ከዚያ ራሴን በወንበሮቹ መካከል ወደ ፊት ስሄድ አገኘሁት።

«አላበላሸሁም» አልኩ። ያለ ማይክ ነው፤ ግን ተሰማ። «ማንም አልጠየቀኝም። ሳልጠየቅ ነው የተፈረደብኝ። እናንተ የደጋ ሰዎች አላችሁ፤ እኔም የገረሴ ልጅ ነኝ። ሰው ሳይጠየቅ ይፈረድበታል እንዴ?»

«አማረች ውጪ!» አለ አቶ ፍሥሐ።

ከቀኝ በኩል አንድ ሽማግሌ በጋሞኛ ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን የደጋዎቹ በሙሉ ቀና አሉ። ሃላቃ ኦይቻ ናቸው። ሃላቃ ማለት ሕዝቡ መርጦ የሾመው አለቃ ነው፤ እሳቸው ሹመቱን ካስረከቡ ቆይተዋል፣ መጠሪያው ግን አብሯቸው ቀርቷል። ከዚያ በአማርኛ ደገሙት፦

«ልጄ፣ ይቺ ሴት ቆማ እየተናገረች ነው። ቆሞ የሚናገር ሰው አይቋረጥም።»

«አባባ፣ ይሄ የቢሮ ጉዳይ ነው» አለ አቶ ፍሥሐ።

«በቢሮ ነግረኸን ቢሆን የቢሮ ነበር። አንተ ግን ለሁላችን ነገርከን። ለሁሉም የተነገረ ነገር የዱቡሻ ነው።»

ለማያውቅ ልንገር። ዱቡሻ በእኛ በጋሞ ደጋ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነገር የሚያይበት ሜዳ ነው። እዚያ በቦታው የነበረ ሁሉ ለየብቻው ይጠየቃል። አንዱ ሲጠየቅ ሌላው አይመልስለትም። ሁሉም ሳይሰማ ማንም ጥፋተኛ አይባልም። ቀን ከፈጀ ይፍጅ።

«በቦታው ማን ነበረ?» አሉ ሃላቃ ኦይቻ።

«እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ዳዊት ነበር። አቶ ፍሥሐ በኋላ ገባ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው የለም። ዕቃው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው አዩ። «ይሄ ሁሉ ዕቃ በቦታው ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እነሱም ይጠየቃሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የላንቴዎቹ እግራቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። «ወንበር ስጧቸው!» ያለም አለ። ሃላቃ ኦይቻ ግን አልሳቁም። «ለየብቻ» አሉ። «አሁን ሁሉም በገመድ ተያይዘው አንድ ላይ ነው የሚናገሩት። እንደዚያ ሆኖ ማን እንደዋሸ አይታወቅም።»

ዳዊት ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። እንዳልሳቀ አየሁ።

«እውነታቸውን ነው» አለ በቀስታ። «ትናንትም እንዲህ ነበር ማድረግ የነበረብኝ።»

«ይፈነዳል እያልኩህ!» አለ አቶ ፍሥሐ።

«ውሃ ቢነካውም አድሮ ደርቋል። ደግሞም ውሃው ወለሉ ላይ ነበር፤ እሱ ጠረጴዛ ላይ።»

መጀመሪያ እኔ ተጠየቅኩ። የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ባልዲው የእኔ መሆኑን፣ አንሺው ተብዬ መቆየቴን፣ ውሃው መዳፍ እንደሚያህል። ዳዊት መብራቱ ሲጠፋ ገመዱን በመዳፉ ሲገፋ ማየቴንም ተናገርኩ። ልጁን ለመክሰስ አይደለም፤ ያየሁትን ተጠይቄ ነው።

ከዚያ ዕቃዎቹ ተጠየቁ። ዳዊት ገመዱን በሙሉ ነቀለና ከባዶ ጀመረ። መጀመሪያ ማይኩንና ስፒከሮቹን ብቻ አገናኘ። «ሃሎ» አለ፤ ስፒከሮቹ «ሃሎ» አሉ።

«ይሄ ንጹሕ ነው» አሉ ሃላቃ ኦይቻ። «ይቀመጥ።»

ቀጥሎ የቪዲዮ ዴኩን በቢጫው ገመድ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘ። ካሴቱን ከተተ። ግድግዳው መጀመሪያ ዝናብ የሚዘንብ መሰለ፤ ከዚያ በድንገት ላንቴ ሆነ። ሙዙ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሰማያዊ። ዘነበች ቤት የምታህል ሆና ቆማለች፤ ራሷ ላይ ያሰረችው ሰማያዊ ሻሽ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እኔ ነኝ! ኧረ እኔ ነኝ!» ብላ ዘነበች ከወንበሯ ተነሳች። «አፍንጫዬ እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?»

«ከዚያም ይበልጣል!» አላት ከኋላ አንዱ፤ አዳራሹ ተናወጠ።

እኔ ግን ሻሿን ነበር የማየው። ሰማያዊ ናት። ትናንት ሰማያዊ ነገር በሙሉ ጠቁሮ ነበር።

«ፕሮጀክተሩ ደህና ነው!» አልኩ። «ዓይኑ ሰማያዊ ያያል!»

ዳዊት ወደ እኔ ዞሮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከራሱ ቴሌቪዥን መሳይ መስታወት ጋር ብቻ አገናኘ። ካርታው ወጣ። ወረቀቱ ነጭ፣ ሐይቆቹ ሰማያዊ። ኮምፒዩተሩም ንጹሕ ነው።

«ሁለቱም ለየብቻ እውነት ይናገራሉ» አሉ ሃላቃ ኦይቻ። «ሲገናኙ ግን ውሸት ይሆናል። በመካከላቸው መልእክት የሚያመላልሰው ማነው?»

ዳዊት ወፍራሙን ገመድ አነሳ። አፉን ወደ ብርሃን አዞረና አየ።  ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አሳየኝ።

የገመዱ አፍ ውስጥ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን ጥርሶች በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ሁሉም ቀጥ ብለዋል፤ አንዷ ብቻ ተጋድማለች። ሳያት ባሌ ፊቴ የቆመ መሰለኝ። በሸማኔ መሣሪያ ላይ ድሩ በአንድ በአንድ የሚያልፍበት ማበጠሪያ አለ። ከማበጠሪያው አንድ ጥርስ ከተጣመመ ጨርቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ይበላሻል፤ ሌላው ደህና ሆኖ ሳለ። ያንን ጥርስ ስንት ጊዜ አቅንቻለሁ!

«በዚች በኩል ነው ሰማያዊው የሚያልፈው?» አልኩት።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ማን አጣመማት?»

 አቶ ፍሥሐ ማይኩን እንደያዘ ቆሟል። ዳዊት ቢፈልግ «አላውቅም» ማለት ይችል ነበር፤ ገመድ በመኪና ሲመጣም ይጣመማል። ልጁ ግን ፊቱን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በጨለማ ገልብጬ ሰካሁት። አልገባ ሲለኝ በኃይል ገፋሁት።»

ሃላቃ ኦይቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ራሱ የተናገረ ሰው አይወገዝም» አሉ። «አሁን ይቃናል?»

ዳዊት ገመዱን ዘረጋልኝ። «ከተሰበረች አለቀ» አለኝ። እኔ ቀሚሴ አንገትጌ ሥር ሁልጊዜ መርፌ እሰካለሁ፤ የክር ሰው ልማድ ነው። አወጣሁና «ያዝልኝ» አልኩት። ገመዱን አጥብቆ ያዘ። መርፌዋን ከተጋደመችው ጥርስ ሥር አስገባሁ። ቶሎ የምታቃና እጅ ትሰብራለች፤ ይህን አውቃለሁ። ትንሽ ከፍ፣ ቆም፤ ትንሽ ከፍ፣ ቆም።  ጥርሷ ከእህቶቿ እኩል ቆመች።

ዳዊት ይህን ጊዜ ገመዱን ሁለቴ እያየ፣ ሰፊውን ጎን ከሰፊው አፍ ጋር አስተያይቶ፣ በሁለት ጣቱ ብቻ ሰካው።

ካርታው ግድግዳው ላይ ወጣ። ነጭ ነው። ሐይቆቹም ሰማያዊ ናቸው። ጭብጨባው ቡልኮዎቹን አወዛወዛቸው። ሲበርድ ከምዕራብ ዓባያ የመጣ አንድ ገበሬ እጁን አወጣ።

«ጥያቄ አለኝ። ጫሞስ ይሁን። ዓባያ ግን ገና አልዳነም። ዓባያ መቼ ነው ሰማያዊ የሆነው? እኔ በየቀኑ ነው የማየው፤ ቀይ ነው!»

«ልክ ነው! ዓባያ ቀይ ነው!» አሉ ብዙዎች። አንዱ «እማማ፣ መርፌዋን መልሺያት!» አለኝ። ዳዊት ካርታ ላይ ሐይቅ ሁሉ በሰማያዊ እንደሚሳል ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ እስከ ዛሬም ያላመኑ ያሉ ይመስለኛል።

አቶ ፍሥሐ ማይኩን አፉ ጋ አደረገ። «እንግዲህ ትንሽ ስህተት ተፈጥሮ ነበር፤ ተስተካክሏል። ወደ ሥልጠናችን እንግባ» አለ።

«የማን ስህተት?» አለች ዘነበች።

«ያው... የሁላችንም።»

«የእኔ አይደለም» አለች። «እኔ ዛሬ ነው የመጣሁት።»

እኔም እጄን አወጣሁ። «አቶ ፍሥሐ፣ ጥያቄ አለኝ። ገመዱን አላዩም። ዳዊትን አልጠየቁም። እኔን የመረጡኝ ለምንድነው?»

አየኝ።  ከዚያ «ሻይ ተዘጋጅቷል፣ እረፍት እንውሰድ» አለ። ሥልጠናው ገና መጀመሩ ነበር።

ከእረፍት በኋላ ሃላቃ ኦይቻ ማይኩን አስመጥተው፣ ስሜ በተነሳበት መንገድ ስሜ እንዲጸዳ አደረጉ። አቶ ፍሥሐ በሁለቱም ስፒከሮች «ወይዘሮ አማረች አላበላሸችም» አለ። ያን ጠዋት ያዘጋጀውም ወረቀት ተቀደደ። በምትኩ ዳዊትን የሚከስ ሌላ ወረቀት ሊጻፍ ሲል ግን እኔው ተቃወምኩ። «የሚጻፍ ከሆነ ራሱ መናገሩም ይጻፍ፤ በጥድፊያ ማን ይጮህበት እንደነበረም ይጻፍ» አልኩ። ወረቀቱ ሳይጻፍ ቀረ።

ዳዊት አንድ ሳምንት ቆየ። በየቀኑ ከሥራ በኋላ እያንዳንዱን ገመድ አስተማረኝ። የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ማንበብ ስለማልችል በገመዱ ጫፍና በሚገባበት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር አሰርኩበት፤ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ቀይ ከቀይ። በኋላ ዲግሪ ያላቸውም በዚያ ክር ነበር የሚሰኩት። የአዳራሹ ቁልፍ ተመለሰልኝ፤ የዕቃዎቹ ኃላፊነት ተጨመረልኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሥዕልና ድምፅ ያለ እኔ አልተገናኙም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ምን አተረፍሽ ብትሉኝ፣ ሙያ አተረፍኩ። ሌላም ነገር አለ። ከዚያ በፊት ነገር ሲበላሽ እኔም እንደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኔ የገባውን ነበር የምይዘው። ልጆቼ ሲጣሉ ትልቋን ነበር የምቆጣው፤ ትልቅ ስለሆነች ብቻ። ከዚያ በኋላ ለየብቻ መጠየቅ ጀመርኩ። ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ ተለወጥሽ እኮ» አለችኝ አንድ ቀን። ስንት ጊዜ ያለ ጥፋቷ እንደተቆጣኋት ያኔ ቆጠርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ስለዚህ በደሌን ስጽፍ እኔም የበደልኩ መሆኔን አብሬ እጽፋለሁ። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ የምትይዙት አንድ ሰው ካለ እስቲ አስቡት።

ጥያቄዬን ግን አልተውኩም። ስሜ ጸድቷል፤ መልስ ግን አልተሰጠኝም። ስም መጽዳትና መልስ ማግኘት አንድ አይደሉም። ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት የአዳራሹን መዝገብ ላስፈርም ስገባ እጠይቀው ነበር። «አቶ ፍሥሐ፣ ለምን እኔን?» አንድ ሰኞ «ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» ይላል። ሌላ ሰኞ «ወይዘሮ አማረች፣ እስከ መቼ ነው የምታነሺው?» ይላል። «እስኪመልሱልኝ» እላለሁ። አልጣላውም። ሻይ እንጋበዛለን፤ ልጁ ሲመረቅም ድግሱ ላይ ስፒከሩን ያገናኘሁለት እኔ ነኝ። ግን ሰኞ ሰኞ እጠይቀዋለሁ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ወደ አዋሳ ተዛወረ። ለስንብቱ አዳራሹን እያዘጋጀሁ ሳለ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ብቻውን ገባ። አዲስ ኮት ለብሷል። ማይኩን እየሞከርኩ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ አጠፋው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አለኝ።

«ዛሬ ሰኞ አይደለም» አለ። «ግን ካሁን በኋላ ሰኞ የለንም። ልመልስልዎ።»

ገመዱን አስቀምጬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ያን ቀን በጣም ፈርቼ ነበር። ዕቃውን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ አንድ ሰው ላይ መውደቅ ነበረበት። ዳዊት አዲስ አበባ አለቆች አሉት፣ ይከራከሩለታል። እኔም ለራሴ እከራከራለሁ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ዝም ይላሉ ብዬ ያሰብኩት እርስዎን ብቻ ነበር።»